ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት በሬ በአንድ ፊርማ

ዓባይነሽ አብልጣ የምትወደው ሰውን ነው ወይስ በሬን? ይህን እስከ ዛሬ መመለስ የቻለ የለም። በቋሪት ወረዳ፣ ከገበዝ ማርያም ወረድ ብላ ባለችው ቀበሌ አሥራ ስድስት ዓመት የከብት ሐኪም ሆና ስትኖር የየቤቱን በሬ በስሙ እየጠራች ደኅንነቱን ትጠይቃለች፤ ባለቤቱን ግን «አንተ የወይኖ አባት»፣ «አንቺ የቦራ እናት» እያለች ነው የምታልፈው። አንድ ጊዜ ቀብር ላይ ሐዘንተኛውን «እግዚአብሔር ያጥናህ» ካለችው በኋላ ትንፋሽ ሳትወስድ «የቀዮስ እግር ዳነ?» አለችው ይባላል። ሰውየው እንባውን እየጠረገ «ድኗል፤ ትንሽ ያነክሳል እንጂ» ብሎ መለሰላት።

ባሏ ወንዳወቅ ሦስት ዓመት ታገሠና በአራተኛው ጓዙን ጠቅልሎ ቡሬ ገባ። ለምን ተለያያችሁ ቢሉት «ቀንድ ስለሌለኝ አላየችኝም» አለ አሉ። ወሬው ዞሮ እሷ ዘንድ ሲደርስ፣ «ቀንድ ቢኖረውማ እከትበው ነበር» አለች።

ለበሬ እንዲህ መሆኗ ከየት እንደመጣ ግን ይታወቃል። አባቷ አንድ በሬ ብቻ ነበራቸው። አንድ በሬ ያለው ሰው ብቻውን አያርስም፤ እንደሱ አንድ በሬ ካለው ጎረቤት ጋር ተቀናጅቶ፣ አንድ ቀን የዚህን አንድ ቀን የዚያን ማሳ ተራ በተራ ያርሳሉ። በአንዱ ሰኔ የአባቷ በሬ አፉ አረፋ ደፈቀ፤ ሰኮናው ተላጠ። አፍተግር የሚሉት የከብት በሽታ ነበር። በሬው አልሞተም፤ ግን አንድ ወር ሙሉ እግሩን መርገጥ አልቻለም። ተቀናጃቸውም «ዝናብ አይጠብቀኝም ወንድሜ» ብሎ ሌላ ሰው ፈለገ። የዚያን ዓመት መሬታቸው ጦም አደረ። ዓባይነሽ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። «ረሃቡ አይደለም ትዝ የሚለኝ» ትላለች ስለዚያ ዘመን ሲነሳ፤ «አባቴ ቀንበሩን ወልውሎ ወልውሎ መልሶ ሲሰቅለው ነው።»

ዘንድሮ ግንቦት ላይ አፍተግር በቆላው በኩል ታየ ተባለ። ክትባቱ ሁለት ጊዜ ነው የሚሰጠው፤ የመጀመሪያው መቀስቀሻ ነው፣ ከሳምንታት በኋላ የሚመጣው ሁለተኛው ማጽኛ። ማጽኛው ካልደረሰ የመጀመሪያው ውሃ ሆኖ ይቀራል። ክትባቱን የሚያድለው ፕሮጀክት ቢሮው ፍኖተ ሰላም ነው። ለየትኛው ቀበሌ ስንት ብልቃጥ ማጽኛ እንደሚላክ የሚወሰነው በኮምፒውተሩ ሲስተም ላይ በታየው የበሬ ቁጥር ነው። ቁጥሩ የሚዘጋው ደግሞ ዓርብ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ። ከስድስት ሰዓት በኋላ ማጽኛውን የያዘው የበረዶ ሳጥን የበሬ ቁጥር ወዳስገባው ቀበሌ ይሄዳል፤ ሰኔ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም።

ለዚህ ሥራ ዓባይነሽ የተሰጣት አንድ ታብሌት ነው። አንድ በሬ በከተበች ቁጥር ስሙን፣ መልኩን፣ ባለቤቱንና የብልቃጡን ቁጥር ትጽፍበታለች፤ ፎቶም ታነሳለች። ኔትወርክ ካለ መዝገቡ ወዲያው ፍኖተ ሰላም ይደርሳል። ከሌለ በታብሌቱ ሆድ ውስጥ «ያልተላከ» የሚል ቀይ ምልክት ለብሶ ይቀመጣል። በእሷ ቀበሌ ኔትወርክ እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤ ደጅ ድረስ ብቅ ይልና ሳይቀመጥ ይመለሳል። ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት በሬ መዝግባ «ላክ» ስትለው ታብሌቱ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ተሸክሞ ይነሳል፤ አርባ በመቶ ድረስ ይወጣል፤ ነፋስ ሲዞር ይቆማል። ኔትወርኩ ሲመለስ ካቆመበት አይቀጥልም፤ ከዜሮ ይጀምራል። ዘጠኝ ቀን ሙሉ እንዲህ ሆነ።

«ይኸ አህያ ነው» አለች ዓባይነሽ። «ዳገቱን ግማሽ ወጥቶ ሲደክመው ጭነቱን ይዞ ቤቱ ይገባል።»

ፍኖተ ሰላም ደወለች። ስልኩን ያነሳው የፕሮጀክቱ የኮምፒውተር ባለሙያ አለበል ነበር። ገና ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው፤ ለሁሉም ችግር ግን አንድ መድኃኒት ብቻ ነው ያለው።

«አፑን አጥፍተው እንደገና ይጫኑት፣ እትዬ።»

«የጻፍኩትስ?»

«እሱ ከላይ ይወርዳል።»

«ወደ ላይ ያልወጣ ምኑ ይወርዳል?»

«ይስተካከላል፤ አይስጉ። ሰባት ታብሌት እንዲህ አድርጌ አስነስቻለሁ።»

«የደምበጫው ተስፋው ከሰባቱ አንዱ ነው?»

የዓባይነሽ የሥራ ባልደረባ ተስፋው ሁለት መቶ በግ ከትቦ መዝግቦ ነበር፤ ታብሌቱ «በተነሳ» ማግስት አንድም በግ አልነበረውም። «ጅብ ያልበላውን በግ ጣት በላው» ብላ ዓባይነሽ ይህን ወሬ ገበያ ለገበያ አዙራዋለች።

ኔትወርክ ብቅ የሚልበት ቦታ በቀበሌው አንድ ብቻ ነው፤ ጉብታው ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ካለው ወይራ ሥር። እዚያ ደግሞ የኔታ ኪዳነ ማርያም ያስተምራሉ። ረቡዕ ከሰዓት ዓባይነሽ ታብሌቱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ስትራገም፣ የኔታ አንዱን ተማሪ ቃል እያስያዙት ነበር። እሳቸው አንድ ሐረግ ይላሉ፤ ተማሪው ይመልሳል፤ በትክክል ከመለሰ «በል» ይሉትና ወደሚቀጥለው ያልፋል። መሀል ላይ አህያ አናፋና ተማሪው ጠፋበት። የኔታ ወደ መጀመሪያው አልመለሱትም። «በል ያልኩህ እስከ የት ድረስ ነው?» አሉት። ነገራቸው፤ ከዚያው ቀጠለ።

«የኔታ፣ ለምን ከመጀመሪያው አያስጀምሩትም?» አለች ዓባይነሽ።

«የሰማሁትን መልሶ ቢያሰማኝ ምን ይጠቅመኛል? ያልሰማሁትን ነው የምፈልገው። ያንቺ ሳጥን ዘጠኝ ቀን ምን ይልሻል?»

«ዘጠኝ ቀን 'በስመ አብ' ይላል የኔታ፤ ከዚያ አያልፍም።»

ካለች በኋላ ግን የየኔታን «በል» አሰበች። ከዚያ የበሬዎቹን ስም ዝርዝር ከፍታ አንዱ ላይ ጣቷን ብታቆየው ጎኑ ላይ ትንሽ ሳጥን ወጣች። መምረጥ ይቻላል ማለት ነው። አምስት በሬ መረጠች። ፎቶ ከባድ ነውና ፎቶው በኋላ እንዲሄድ አዘዘች፤ ጽሑፉን ብቻ ላከች። አምስቱ ሄዱ። ሌላ አምስት መረጠች። ነፋሱ ሲዞር የሚወድቁት አምስት ብቻ ናቸው፤ የፊተኞቹ ከተሻገሩበት አይመለሱም።

አንድ ችግር ግን ነበረ። አንዳንዴ መዝገቡ ሄዶ «ደርሷል» የሚለው አረንጓዴ ምልክት በመንገድ ይቀራል። ያን ጊዜ ለሜላት ትደውላለች። ሜላት ፍኖተ ሰላም የክትባት መጋዘኑን የምትጠብቅ፣ ሲስተሙን ፊቷ ላይ ከፍታ የምትውል ልጅ ናት። ዳታው አልሄድ ሲልም የስልክ ጥሪው ይሠራል።

«ሜላት፣ መጨረሻ የገባው በሬ ማን ነው?»

«ዛጎል የሚባል ነው፣ እትዬ።»

«በይ 'በል' በይኝ።»

«ምን?»

«'በል' በይኝ አልኩሽ፤ ምን አስጨነቀሽ።»

«እሺ… በል።»

ሠላሳ በሬ እንዳሻገረች የታብሌቱ ባትሪ አለቀ። ሐሙስ መብራት ጠፋና የኔትወርኩ ማማ ቀኑን ሙሉ ዝም አለ። ታብሌቱን በጤና ኬላው ሶላር ሞልታ ጉብታው ላይ ስትጠብቅ ዋለች፤ የመጣላት ግን ኔትወርክ ሳይሆን አለበል ነበር። ፍኖተ ሰላም ላይ የሚታየው ሠላሳ በሬ ብቻ ስለሆነ ታዝዞ ነው። ነጭ ጫማ አድርጎ ከፕሮጀክቱ መኪና ወረደ፤ ሁለት እርምጃ ሳይራመድ ጫማው የቋሪትን ጭቃ ለበሰ።

ሐሳቡን በትሕትና ነገራት። ነገ ጠዋት ታብሌቱን ተረክቦ ያጠፋዋል፤ አዲሱን አፕ ይጭናል፤ ይዞትም ወደሚቀጥሉት ቀበሌዎች ይሄዳል፤ ሰኞ ፍኖተ ሰላም ሲገባ ይፈትሸዋል። አምስት አምስት እያደረጉ መላክ እንደሚቻል ብትነግረው «የታዘዝኩት እንዲያ አይደለም፣ እትዬ» አለ። ራሷ ይዛው ፍኖተ ሰላም እንዳትወርድ፣ በጭቃው የተነሳ ከቀበሌዋ መኪና የሚወጣው ለቅዳሜ ገበያ ብቻ ነው፤ የአለበል መኪና ደግሞ አቅጣጫው ሌላ ነው።

ያን ሌሊት ዓባይነሽ አልተኛችም። ከዚያ በፊት የነበሩትን ሁለት ሌሊቶችም አልተኛችም ነበር። ሲነጋ ግን ፊቷ ላይ ፈገግታ ነበረ፤ የሚያውቋት ሰዎች ያንን ፈገግታ ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ።

«በል እንግዲህ ውሰደው» አለችው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ። «ግን በርክክብ ነው።»

አለበል ፊቱ በራ። ርክክብ የሚወድ ልጅ ነው። ቦርሳው ውስጥ የርክክብ ቅጽ፣ ካርቦንና የቀለም መርገጫ ይዞ ነው የሚዞረው። አንድ ጊዜ ቢሮው ውስጥ መሰላል ያለ ርክክብ ተቀብሎ፣ መሰላሉ ጠፍቶ፣ ስምንት ወር «የመሰላሉ ሰውዬ» ሲባል ከርሟል። ከዚያ ወዲህ ብዕር እንኳ ሳይፈርም አይዋስም። ዓባይነሽ ይህን የሰማችው ከሜላት ነው።

«ርክክብ ያለ እማኝ አይሆንም» አለች። «የእኔ እማኞች ጉብታው ላይ ናቸው።»

ወጡ። ወይራው ሥር የኔታ ኪዳነ ማርያም ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው አያ ባዬ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። አያ ባዬ ዳለቻ የሚባል አንድ በሬ ያላቸው፣ ለክትባቱም ከሰው ሁሉ መጨረሻ የመጡ ሽማግሌ ናቸው። አለበል ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋና በሚያምር ጽሕፈት ጻፈ፦ ታብሌት፣ አንድ። ቻርጀር፣ አንድ። መያዣ ቆዳ፣ አንድ።

«ጨርሰናል፤ ይፈርሙ እትዬ።»

«በውስጡ ያለውስ?»

«በምን ውስጥ?»

ዓባይነሽ ጎንበስ ብላ በቅጹ ላይ የታተመችውን አንዲት መስመር በጣቷ ተከተለች፦ «በንብረቱ ውስጥ የሚገኙ ዕቃዎች፣ በዝርዝር፣ አንድ በአንድ።»

«ይኸማ ለሳጥን፣ ለቁም ሳጥን የተባለ ነው» አለ አለበል እየሳቀ።

«ጎተራ ስትረከብ እህሉን ሳታሰፍር ትረከባለህ?»

«እህሉን ሳያሰፍር ጎተራ የተረከበ ሰው በዚህ አገር አልታየም» አሉ አያ ባዬ።

«እኛም ማኅደሩን ስንረከብ መጽሐፉን አውጥተን እንቆጥራለን» አሉ የኔታ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ባዶ ማኅደር ተረክቦ የተዋረደ ገበዝ አውቃለሁ።»

አለበል ሦስቱንም ተራ በተራ አያቸው። ከዚያ ቅጹን አየ። ቅጹ እውነትም እንዲያ ይላል። ቅጽ ያለውን ደግሞ አለበል ሽሮ አያውቅም።

«ስንት ናቸው?» አለ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት። እኔ አነባለሁ፣ አንተ ጻፍ። ቁጥር አንድ፤ ወይኖ፣ ቀንዱ ወደ ኋላ የዞረ፣ ግራ ጆሮው የተሰነጠቀ።»

ተጀመረ። ማለዳ ነበርና አገሩ ገና ስልኩን አላነሳም፤ ማማውም ሌሊቱን ነቅቷል። ታብሌቱ ላይ አንዲት የኔትወርክ ዘንግ ብቅ አለች፤ ከዚያ ሁለተኛዋ። ዓባይነሽ ድምፅዋ ሳይለወጥ ታነባለች፤ አውራ ጣቷ ግን የራሷን ሥራ ይዛለች፤ አምስት ትመርጣለች፣ ትልካለች፤ አምስት ትመርጣለች፣ ትልካለች። አለበል አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል።

«ቁጥር ሠላሳ ዘጠኝ፤ ኩራባቸው።»

«ይኸ ባለቤቱ ነው?»

«በሬው ነው። ባለቤቱ ገብረ ሕይወት ነው፤ የሚኮራው ግን በሬው ነው።»

በየሃያው ትደውላለች። «ሜላት፣ ማን ላይ ነን?»

«ለምንድን ነው የሚደውሉላት?» አለ አለበል።

«ሦስተኛ እማኝ ናት። ሰነድ ሲበረታ አይጎዳም።»

ሜላት ወዲያ ሆና ነገሩ ገብቷት ኖሮ፣ «ኩራባቸው ገብቷል፣ ቦራ ገብቷል፣ ቀዮ ቀርቷል» ትላለች በሹክሹክታ፤ ዓባይነሽ ቀዮን ብቻ መልሳ ትልካለች።

ሹፌሩ ከታች ጡሩምባውን ነፋ። አያ ባዬ ከኪሳቸው የባቄላ ቆሎ አውጥተው ለአለበል ዘገኑለት፤ በቀኙ እየጻፈ በግራው ቃመ። አንድ መቶኛው በሬ ላይ ጣቱ ደነዘዘ። አንድ መቶ ሃምሳኛው ላይ ጫማውን አወለቀ። ሁለት መቶኛው ላይ ግን አንድ ለውጥ መጣ፤ ራሱ መጠየቅ ጀመረ፦ «ቀንዱስ? ጭራው ነጭ የሆነው የትኛው ነበር?» ገበሬው ወሬውን ሰምቶ ጉብታውን እየሞላ ሲመጣ፣ የበሬው ስም በተጠራ ቁጥር ባለቤቱ «አቤት!» ይላል። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ መጨረሻው ተጻፈ፤ ቁጥር ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት፣ ዳለቻ፣ የአያ ባዬ።

ተፈረመ። የኔታ በቁም ጽሕፈት ፈረሙ። አያ ባዬ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው አተሙ። አለበል ፈረመና ታብሌቱን ተቀበለ፤ በረጅሙ ተነፈሰ። ከዚያ እጁ እንደለመደው ገባ፤ ማስተካከያውን ከፈተ፣ አፑን አገኘ፣ «አጥፋ» የሚለውን ነካ። ታብሌቱ «እርግጠኛ ነዎት?» ሲል ጠየቀው።

«ልጄ» አሉ ወሬውን ከዓባይነሽ የሰሙት አያ ባዬ ከትከሻው በላይ። «መሰላሉ ስምንት ወር ነው አይደል ያስወራብህ?»

የአለበል ጣት አየር ላይ ቀረ።

«ስምንት ወር» አለ።

«አንድ መሰላል ስምንት ወር ካስወራ፣ ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት በሬ ስንት ወር ያስወራል? እኔ ቁጥር አልተማርኩም፤ አንተ አስላው።»

አለበል ቅጹን አየ። ከፊርማው በታች በደቃቅ ፊደል እንዲህ ይላል፦ «ከላይ የተዘረዘረው ቢጎድል ወይም ቢጠፋ ተረካቢው ተጠያቂ ነው።» ቀና ብሎ ዙሪያውን አየ። የወይኖ ባለቤት፣ የቦራ ባለቤት፣ የኩራባቸው ባለቤት፣ ሁሉም በየበትራቸው ተደግፈው፣ በጣም በደግነት ያዩታል።

እጁን ፍም እንደነካ ሰው ሰበሰበ። «አይ፣ ይቅር» የሚለውን በሁለት ጣት ተጫነው።

«እትዬ ዓባይነሽ… ሆን ብለው ነው?»

«እኔ ምን አደረግኩ? ቅጹ የማን ነው?» ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ታብሌቱን አሳየችው። «ከተረከብካቸው ውስጥ አንድ መቶ ሰባዎቹ ፍኖተ ሰላም ገብተዋል። አንድ መቶ አሥራ ስድስት ቀርቷል። እነሱን እንግዲህ አንተው ንዳቸው፤ ንብረትህ ናቸው።»

አለበል ያን ጊዜ ያደረገው ነገር ዓባይነሽን እንኳ አስገረማት። ከቦርሳው ትንሽ ካርድ አወጣ፤ ታብሌቱ ውስጥ ከተተ፤ የበሬዎቹን መዝገብ በሙሉ ወደ ካርዱ ገለበጠና ካርዱን በመሐረብ ጠቅልሎ የሸሚዙ የውስጥ ኪስ ውስጥ ቆለፈበት።

«አሁን ታብሌቱ ገደል ቢገባም መዝገቡ አለ» አለ።

«ይኸን ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

«ለተስፋው በጎች ለምን አላደረግህም?»

አለበል ጆሮው ቀላ። «እነዚያ የእኔ አልነበሩማ» አለ።

ከዚያ ሥራ ሆነ። እሱ ይመርጣል፣ ይልካል፤ እሷ ለሜላት ትደውላለች፤ ሜላት «በል» ትላለች። አራት ሰዓት ላይ ስልሳ አምስት ቀረ። አምስት ሰዓት ሲሆን ግን ኔትወርኩ ከነጭራሹ ታፈነ። ዞር ብለው ሲያዩ፣ ጉብታው ላይ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፏል። «ጉድ ነው እኮ፣ አንድ የፍኖተ ሰላም ልጅ በሬያችንን ሁሉ ተረክቦ ተይዟል!» ይላል አንዱ ገበዝ ማርያም ላለ ወንድሙ።

የኔታ ከተቀመጡበት ተነሡ። «እንደ ቅዳሴ!» አሉ መቋሚያቸውን መሬት አስነክተው። «ስልክ ይዘጋ! የሚያወራ ሰው ካየሁ ከነበሬው ነው የምረግመው!»

ሃምሳ ስልክ ባንድ ጊዜ ጠፋ። ለራስ የመጣ እርግማን ሊቻል ይችላል፤ ለበሬ የመጣ ግን ማንም አይደፍርም። ዘንጉ ተመለሰ። አርባ። ሃያ አምስት። አሥራ አንድ። አምስት ሰዓት ከአርባ ላይ አንድ በሬ ብቻ ቀረ፤ ዳለቻ።

አለበል ላከው። መስመሩ ጫፍ ደረሰ፤ አረንጓዴው ምልክት ግን አልመጣም። ጠበቁ። ነፋሱ ዞረ። ዓባይነሽ ለሜላት ደወለች፤ ተይዟል። ደገመች፤ ተይዟል። የታብሌቱ ባትሪ ሦስት በመቶ ይላል። አያ ባዬ በትራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው የታብሌቱን ፊት እንደ ታመመ ሰው ፊት ያዩታል።

«ይደገም» አለች።

«የፊተኛው ደርሶ ከሆነ ሁለት ይሆናል እኮ፣ እትዬ።»

«ሁለት ከሆነ አንዱን ይሰርዙታል። ዜሮ ከሆነ ከየት ያመጡታል?»

አለበል ታብሌቱን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አነሳ፤ በካልሲው ወይራው ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ወጣ፤ ደገመው። አምስት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ላይ ታብሌቱ ጠፋ። ጨለመ፤ ድርግም።

አምስት ሰዓት ከሃምሳ ስድስት ላይ የዓባይነሽ ስልክ ጮኸ። ድምፁን ከፍ አድርጋ ለሁሉም አሰማችው።

«እትዬ! ዳለቻ ሁለት ሆኖ ገብቷል!»

«ሌላውስ?»

«ድርቡን ሁሉ አውጥቼዋለሁ፤ ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት፣ ልክ ነው። አሁን የበረዶ ሳጥኑ ላይ የቀበሌዎን ስም እየጻፍኩ ነው፤ ማክሰኞ ይነሳል።»

«በሬዬ መንታ ወለደ!» አሉ አያ ባዬ፤ ጉብታው በሳቅ ተናጋ። ሽማግሌው ግን ሳቁን አልጨረሱትም፤ ፊታቸውን ወደ ወይራው አዙረው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

አለበል ከድንጋዩ ወረደ። «አሁንስ ላጥፋው?» አለ፤ እሱም ሳቀ።

«ማክሰኞ ሳጥኑን በእጄ ሳልጨብጥ ማንም ምንም አያጠፋም። ታብሌቱም አይሄድም።»

«እንግዲያው ርክክቡን ይመልሱልኝ። በዚህ ወረቀት ፍኖተ ሰላም ብገባ ያበደ ነው የሚሉኝ።»

«መመለስማ እንደ አወጣጡ ነው፤ በዝርዝር። ቁጥር አንድ፤ ወይኖ፣ ቀንዱ ወደ ኋላ የዞረ…»

አለበል ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ሹፌሩ ጡሩምባውን ሳያቋርጥ ነፋ። ዓባይነሽ ከአያ ባዬ የዘገነችው ቆሎ እስኪያንቃት ሳቀች፤ ከዚያ ብዕሩን ተቀብላ ከዝርዝሩ ግርጌ «ሁሉንም በደኅና ተረክቤአለሁ» ብላ ፈረመችለት።

«የሚቀጥለው ቀበሌ ምን አለው?» አለችው ወደ መኪናው ስትሸኘው።

«ሦስት መቶ አርባ ፍየል። ያልተላከ።»

«ተረክበህ ጀምር።»

አለበል እንደ ቀልድ አልወሰደውም። መኪናው ውስጥ ገብቶ፣ ካልሲውን ከጭቃው ሳያጸዳ፣ ባዶ ቅጽ አውጥቶ ሲቆጥር አየችው።

ከዚያ እንኳ ወዲያው ቤቷ አልገባችም። የኩራባቸው ባለቤት ትከሻውን እንድታይለት ለመናት፤ የሰውየውን መስሏት ስትቀርብ የበሬው ነው፤ ሄዳ አየችለት። ታብሌቱን በሶላሩ ሰክታ ፎቶዎቹ አንድ በአንድ እንዲሄዱ ሰልፍ አስያዘቻቸው፤ ፎቶ አይቸኩልም። ቤቷ ስትደርስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አንዱን ቦት ጫማ አወለቀች፤ ሁለተኛውን ለማውለቅ ጎንበስ እንዳለች ወደ ጎን ዘንበል አለች። በሩ ገርበብ እንዳለ፣ አንድ እግሯ ከአልጋው ውጭ ተንጠልጥሎ፣ ከሦስት ሌሊት በኋላ እንቅልፍ የወሰዳት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ላይ ነበር።